በፍልሰታ ጾም ወደ ኮሚኖ በጀልባ

ከመነሳታችን በፊት

እማዬ ለሦስት ወር ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት እኔ ጋ መጥታ ነበር። እህቴ ስቶክሆልም ናት፤ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። አንድ ላይ የት እንገናኝ ስንባባል ብዙ አገር ተጠራ። የእማዬ ቪዛ የሼንገን ነው፤ ማልታ ሼንገን ውስጥ ናት፣ ገንዘቧም ዩሮ ነው። እማዬ ደግሞ ማልታን ከእኛ በላይ ታውቃታለች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28። ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት፣ እፉኝት እጁ ላይ ተጠምጥማ ወደ እሳቱ ያራገፋት ደሴት። በዚህ ተወሰነ።

ልጆቹ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለጉት፦ ብሉ ላጉን። በዋናዋ የማልታ ደሴትና ጎዞ በምትባለው ደሴት መካከል ኮሚኖ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 3.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ብሉ ላጉን የሚሉት የባሕር ውኃ ያለው በእሷና አጠገቧ ባለችው ኮሚኖቶ በምትባል ቁራሽ ደሴት መካከል ነው፤ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ወለሉ ነጭ አሸዋ።

በትልልቅ የጉብኝት ጀልባዎች በርካሽ መሄድ ይቻላል። የእማዬ ጉልበት ግን ሰልፍ አይችልም፤ ከመቶ ሰው ጋር ተጋፍቶ መሳፈርና መውረድም አይሆንላትም። ስድስት ነን። ስናሰላው የግል ጀልባ ተከራይቶ መካፈል እንደሚወራው አይከብድም።

መጀመሪያ ያናገርነው አንድ አከራይ ለስድስት ሰዓት 550 ዩሮ አለን። የእህቴ ባል ኢንጂነር ነው፤ ውል ሲያነብ ነጠላ ሰረዝ አያልፍም። ነዳጅ ለብቻው እንደሚከፈል አገኘ። ነፋስ ከበረታና ጉዞው ከቀረ ደግሞ ገንዘብ አይመለስም፣ "ሌላ ቀን" ይሰጣል ይላል። እኛ እሁድ ወደየቤታችን የምንበር ሰዎች ሌላውን ቀን ከየት እናምጣው? ተውነው።

ማልታ ውስጥ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት የእህቴ ወዳጅ አለች። እሷ በሰው በሰው አንድ ባለጀልባ አገናኘችን። ጀልባው አንድ፣ ካፒቴኑም ራሱ። 400 ዩሮ፣ ነዳጅን ጨምሮ። ቀብድ 50። ነፋስ ካስቀረን ቀብዱን ይመልሳል። ይህን ሁሉ በስልክ፣ በሁለት ደቂቃ።

የግል ጀልባ የምትከራዩ ከሆነ ከዋጋው ሌላ አራት ነገር ጠይቁ። ጥላ አለው? ከባሕር መውጫ መሰላል አለው? በልጆች ልክ ላይፍ ጃኬት አለው? አራተኛውን ያስጠየቀችን እማዬ ናት፦ ሽንት ቤት አለው ወይ? አለው፣ ግን ቁም ሳጥን ታክላለች ብሎ ሳቀ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሉ ላጉን ዳርቻ ላይ ለመውረድ ቀድሞ መመዝገብ ግድ ሆኗል። ሕዝቡ ከልክ ስላለፈ ነው። በአንድ ጊዜ ከ4,000 ሰው በላይ አይፈቀድም። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ቀኑ ለሦስት ፈረቃ ተከፍሏል፤ ስልክ ላይ በሚመጣው ኮድ እጅ ላይ የሚታሰር ምልክት ይሰጣል። ለሐሙስ የጠዋቱን ፈረቃ ያዝን።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 – ቡጂባ

ከአየር ማረፊያ እስከ ቡጂባ በአውቶቡስ መጣን፣ በሰው 2 ዩሮ ከ50። መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፤ አገሩ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ እጅ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ የሚታየው ሁሉ አንድ ቀለም ነው። ቤቱም አጥሩም ቤተ ክርስቲያኑም ከዚያው ማር ከሚመስል የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ዛፍ ጥቂት። እማዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አየችና "ክረምት የለም እንዴ እዚህ አገር?" አለች። አዲስ አበባ በነሐሴ ጃንጥላና ሹራብ ነው፤ እዚህ 34 ዲግሪ።

ማታ ወዳጃችን ቤት ራት ተጠራን። ፍልሰታ ስለሆነ ሽሮ፣ ጎመን፣ ክክ አልጫ። እንጀራው ጤፉ ትንሽ፣ የስንዴ ዱቄቱ ብዙ ነው፤ ግን አይኑ ጥሩ ወጥቷል። እማዬ ጣቷን እየጠራረገች "ባሕር ተሻግረሽም አልጠፋሽም" አለቻት። ወዳጃችን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ ጨመረችልን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8 – ጀልባ ቀርቶ ሞስታ

ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ስልክ ጮኸ። ካፒቴኑ ነው። "ማጂስትራል ገብቷል" አለ። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ነው። በቡጂባ መንገድ ላይ ሆናችሁ ብታዩ ምንም የለም፤ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በማልታና በኮሚኖ መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ ግን ሌላ ዓለም ነው አለን። ሞገዱ እዚያ ቀጥ ብሎ ይነሳል። "ወጣት ብትሆኑ አንገላትቼ እወስዳችሁ ነበር። እናታችሁን ግን አልወስድም።" ልጆቹ አለቀሱ። እኔ ግን ሰውየውን የወደድኩት ያኔ ነው። 400 ዩሮ የሚያስቀር ስልክ ሲነጋ ደውሎ የሚናገር ሰው ባሕር ላይም አይዋሽም።

ችግሩ የዓርብ ምዝገባ ነው። ዓርብ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 15 ነው። ማልታ ሳንታ ማሪያን፣ ማለት የእመቤታችንን ፍልሰታ፣ የምታከብርበት፣ ሥራ ዝግ የሆነበት ቀን። እህቴ ስልኳን ይዛ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። የጠዋቱ ፈረቃ ሞልቷል። ከሰዓቱ ደግሞ ለካፒቴኑ አይመቸውም፤ ማታ ቤተሰቡ ይጠብቀዋል። ደውለን ብንነግረው "ግድ የለም፣ ከጀልባው ሳትወርዱ ትዋኛላችሁ። መሬት መርገጥ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ አሳያችኋለሁ፣ እዚያ ኮድ የሚጠይቅ የለም" አለ። የበዓል ስለሆነ ግን 40 ዩሮ ጨመረብን። የእህቴ ባል ሊከራከር ሲል እማዬ "በዓሉን ትቶ ነው የሚመጣው፣ ስጡት" ብላ ዘጋችው።

ቀኑ ባዶ እንዳይቀር ሞስታ ሄድን። የከተማው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፣ ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። ውስጡ ገብተን ጎን ባለ ክፍል አንድ ቦምብ ቆሟል። የመጀመሪያው አይደለም፣ አምሳያው ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. የጀርመን አውሮፕላን የጣለው ቦምብ ጉልላቱን በስቶ ለጸሎት በተሰበሰበው ሕዝብ መሃል ወደቀ። አልፈነዳም። ቤተ ክርስቲያኑ የእመቤታችን የፍልሰታ ነው፤ ኦገስት 15 የራሱ በዓል ነው። እማዬ ታሪኩን ተርጉሜ ስጨርስላት ቀና ብላ ጉልላቱን አየች። "ቀዳዳው የት ጋ ነበር?" አለች። ጠባቂው በጣቱ አሳያት። እሷም እዚያው ቆማ አማተበች።

ውጪ ዋዜማው ደርሷል። መንገዱ ሁሉ በቀይ መጋረጃና በአምፖል ተሸልሟል፣ የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ይሰለፋል፣ ለውዝ ያለበት ደረቅ ጣፋጭ በሚዛን ይሸጣል። ርችቱ ከጨለመ በኋላ ተጀመረና የትንሹን ልጅ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ማልታውያን ርችት ላይ አይቀልዱም። የእኛ የፍልሰታ በዓል ነሐሴ 16 ነው፣ ኦገስት 22 ማለት ነው። "በሳምንት ቀደሙን፣ ጾሙንም ዘለሉት" አለች እማዬ፣ ቋሊማ የሚበላውን ሕዝብ እያየች።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9 – ኮሚኖ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ነበርን። ጀልባው ሰባት ሜትር ያህል፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ሸራ ከላይ የተዘረጋለት ነው። ካፒቴኑ ከሃምሳ ያለፈ፣ ትከሻው የተቃጠለ፣ ጫማ የሌለው ሰው። እማዬን ለማውጣት እጁን ሲዘረጋ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ "በስመ አብ" ብላ ረገጠች። ልጆቹ ላይፍ ጃኬት ለበሱ። እሷም አንድ ጠየቀች፣ በነጠላው ላይ ደርባ ለበሰች፤ እስክንመለስ አላወለቀችውም።

ስንቃችን ይህ ነበር፦ ዳቦ ቲማቲም የተቀባበት፣ ወይራ፣ ከሱፐር ማርኬት የገዛነው ቢጊላ፣ ሐብሐብ፣ ስድስት ሊትር ውኃ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ያመጣችው ቆሎ። ቢጊላ ባቄላ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተፈጨ ነው፤ የፉል ዘመድ ነው፣ ለጾመኛ የተላከ። የማልታ ዳቦ አብዛኛው ጊዜ ቱና ይገባበታል፤ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጀልባ ላይ ላለመክፈት ያለ ቱና አስደረግነው።

ከወደቡ እንደወጣን በግራችን አንዲት ራቁቷን የሆነች ትንሽ ደሴት ታየች። አናቷ ላይ ሐውልት ቆሟል። የቅዱስ ጳውሎስ ደሴት ናት። በአገሩ ትውፊት የጳውሎስ መርከብ የተሰበረው እዚህ ነው፤ ሐውልቱ የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አቀዘቀዘ። እማዬ "ስንት ሰው ነበር መርከቡ ላይ?" ብላ ልጆቹን ጠየቀች። ማንም አልመለሰም። "ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነፍስ" አለች፣ "አንድም አልጠፋም።" ካፒቴኑ ምን አለች አለኝ፤ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና እሱም ቁጥሩን በራሱ ቋንቋ ደገመው። ትምህርት ቤት በቃል የያዘው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ አስቸጋሪ ነበር። ነፋሱ ቢተኛም የትናንቱ ሞገድ አልተኛም። ጀልባው ከፍ ይላል፣ ጧ ብሎ ይወርዳል። የእህቴ ባል ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬ ከቦርሳዋ ዝንጅብል አውጥታ "ያዝ፣ አኝክ" አለችው። አኘከ። አልረዳውም። የጠዋት ቁርሱን ለሜዲትራኒያን አስረከበ። ባዶ ሆዷን የተሳፈረችው እማዬ ግን ምንም አልሆነችም። ካፒቴኑ ብስኩት ሲሰጣት "እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም በለው" አለችኝ። አሳዝናው ደግሞ ሲለምናት "እነ ጳውሎስም አሥራ አራት ቀን ሳይበሉ ነው የመጡት" አለች። ከዚህ በኋላ ምግብ የሚያቀርብላት አልነበረም።

ብሉ ላጉን የደረስነው 2 ሰዓት ሳይሞላ ነው። እዚህ ላይ የግል ጀልባ ጥቅሙ ምን እንደሆነ በዓይናችን አየን። ወንበሩ ወይም ሙዚቃው አይደለም። ሰዓቱ ነው። ትልልቆቹ ጀልባዎች ገና አልመጡም። መልህቁ ሲወርድ ሰንሰለቱ እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል፤ የጀልባችን ጥላ አሸዋው ላይ ተኝቷል፣ የሰንሰለቱ ጥላም ከጎኑ። እማዬ ጠርዙን ይዛ ወደ ታች አየች። ከዚህ በፊት በጀልባ የሄደችው አንዴ ነው፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። "ጣና ታች ምን እንዳለ አይታይም፣ ያ ይሻላል" አለች። "ይኼ ያስፈራል፣ ሁሉ ነገር ይታያል።"

ልጆቹ በመሰላሉ ወረዱ። መዋኛው ክልል በተንሳፋፊ ኳሶች ታጥሯል፤ ጀልባ አይገባበትም። ውኃው ሞቅ ያለ ነው። ትልቁ ልጅ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ጮኸ። ጄሊፊሽ ነው፤ ክንዱ ላይ ቀይ መስመር ጣለበት። ካፒቴኑ ሳይደነግጥ በዚያው በባሕር ውኃ አጠበለት፣ የቀረውን ክር በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ፈቀፈቀለት። የሚጠጣ ውኃ አታድርጉበት፣ ያብሰዋል አለን። ግማሽ ሰዓት ሲያቃስት ቆየ፤ ከዚያ ጓደኞቹን የሚያሳይበት ፎቶ እንዲነሳለት ጠየቀ።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ መጣ። አንድ ትልቅ ጀልባ፣ ሁለት፣ አምስት። ሙዚቃው እርስ በርሱ ይጋጫል። ዳርቻው ላይ ያሉት ኪዮስኮች አናናስ ፈልፍለው መጠጥ ይሞሉበታል፤ አጠገባችን መልህቅ የጣሉት ጣሊያኖች አንዱን በ15 ዩሮ ገዛን አሉን። እህቴ ከሩቅ እያየች "ያ ኮድ ቢኖረን ኖሮ እዚያ መሃል ነበርን" አለች። ካፒቴኑ መልህቁን ሳብ አደረገ።

በደቡብ በኩል ዞርን። ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ሥሩ በዋሻ ተበሳስቷል። ትናንት የመለሰን የሰሜን ምዕራብ ነፋስ እዚህ ጎን አይደርስም፣ ደሴቲቱ ራሷ ትከልላለች። ካፒቴኑ ባሕር ላይ የሚያቅደው እንዲህ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ "የት እንሂድ" ሳይሆን "ነፋሱ ከየት ነው" ይላል፣ የሚውልበት ቦታ ከዚያ ይወጣል። ክሪስታል ላጉን የሚባለው ቦታ ገደሉ ከበበውና ውኃው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ዘለልን፣ ዋኘን። ከላይ፣ ከገደሉ አናት፣ አራት ማዕዘን ግንብ ይታያል። የሳንታ ማሪያ ግንብ ነው፤ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ያኔ ማልታን ይገዛ የነበረው የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ማኅበር አለቃ አሎፍ ደ ዊኛኩር ያሠራው። ያኔ መተላለፊያውን ከባሕር ወንበዴዎች የሚጠብቅ ዘብ ነበረበት።

ካፒቴኑ "መሬት የምትረግጡበት ቦታ" ያለው በሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ሳንታ ማሪያ ባሕረ ሰላጤ። እዚህ ቱሪስቱ ትንሽ፣ ማልታዊው ብዙ ነው። በዓል ስለሆነ ድንኳን ተክለዋል፣ ከሰል አቀጣጥለዋል፣ አያቶች ውኃው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር አስገብተው ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ይዞ ስለ 1942 እ.ኤ.አ. ይሰማል። በዚያ የጦርነት ዓመት በዚህ በኦገስት 15፣ ማልታ ተከብባ በረሃብ ልትወድቅ ስትል ኦሃዮ የምትባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ተሰባብራ፣ በሌሎች መርከቦች ተደግፋ ቫሌታ ወደብ ገባች። ማልታውያን ኦሃዮ የነበረችበትን የመርከብ ጓድ እስከ ዛሬ የሳንታ ማሪያ ይሉታል።

ከዳርቻው ጥቂት ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። እማዬ ከጀልባው ሆና አየቻት፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ የለም። ጉልበቷን ረስታ ወረደች። ካፒቴኑ ተሸክሞ ነው ወደ አሸዋው ያደረሳት፤ ሳቀች፣ ተቆጣች፣ መረቀችው። እግረ መንገዴን "ይቺ የማን ናት?" ብዬ ጠየቅሁት። "የእመቤታችን። ከግብፅ የተመለሰችበት" አለ።

ተረጎምኩላት። ቆመች። "ምን አልክ?" ደገምኩት። "ቁስቋም ናታ!" አለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌ ወቅት የምናስበው ስደቷን ነው፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ሰፈሯ እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያቺን ቀን ቀርታ አታውቅም። እዚህ መሃል ባሕር ላይ፣ ሰው እምብዛም በማይኖርበት ድንጋይ ላይ፣ ያንኑ ታሪክ አገኘችው።

በሩ ዝግ ነበር። ያ አላስጨነቃትም። ላይፍ ጃኬቷን እንደለበሰች የነጠላዋን ጫፍ አደግድጋ ግድግዳውን ሳመች፣ የበሩን መቃን በግራና በቀኝ ሳመች፣ ደጁ ላይ ሦስት ጊዜ ሰገደች። ዋና ልብስ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች አይስክሬማቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁ፣ በፊቷ ላለማለፍ። ካርታ ከሚጫወቱት አሮጊቶች አንዷ ወጥታ መጣች፤ እግሯ ውኃ ያንጠባጥባል። እማዬን እጇን ይዛ የሆነ ነገር አለቻት። እማዬም በአማርኛ መለሰች። እኔ መሃል ገብቼ ልተረጉም ስል እማዬ በእጇ ገፋ አደረገችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ወደ ቡጂባ ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን። ቢጊላው ተከፈተ። እማዬ ለካፒቴኑ በዳቦ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ አንድ እጁ መሪው ላይ ስለነበር አማራጭም አልነበረውም። ቆሎውን ወዶታል። ኪኒ የሚሉትን መራራ የብርቱካን ለስላሳቸውን ሰጠን፤ ከእሱ በቀር የወደደው የለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10 – ሂሳብ

ቀኑን ሙሉ ተኝተን ዋልን። የሁላችንም ትከሻ ተልጧል፣ ከእማዬ በቀር፤ ነጠላው ከሰንስክሪን ይበልጣል።

ሂሳቡ እንዲህ ወጣ። ጀልባ 440፣ ለካፒቴኑ ጉርሻ 30፣ ስንቅ 38። ጠቅላላ 508 ዩሮ፣ ለስድስት ሲካፈል 85 ይጠጋል። በትልቁ ጀልባ ሄደን ዳርቻ ላይ ምሳ ብንበላ ከዚህ ግማሽ ባልሞላ ነበር። ልዩነቱን የምትከፍሉት ለሰዓቱና ለመጸዳጃዋ ነው። ወጣት ሆናችሁ ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ትልቁ ጀልባ ይበቃችኋል። አሮጊትና ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አትሳሱ።

ማታ ካፒቴኑ ቀሪ ሂሳቡን ሊወስድ መጣ። የእህቴ ባል፣ ዝንጅብሉን ረስቶ፣ ስለ ከርሞ ጠየቀው። በሴፕቴምበር አጋማሽ ኑ አለ፤ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሕዝቡ ይቀንሳል፣ ዋጋውም 320 ይሆናል። እማዬ ግን ጣልቃ ገባች። ኅዳር 6 በፈረንጅ ስንት ይውላል አለችኝ። ኖቬምበር 15። "በዚያ ቀን ይውሰደን በለው።"

ካፒቴኑ ሲሰማ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። በኖቬምበር ግሪጋል የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነሳል፣ ያቺ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ አፏ የተከፈተው ወደዚያው ነው። እሱም ጀልባውን ከባሕር አውጥቶ ቀለም የሚቀባት ያኔ ነው። እማዬ አዳመጠች። "ቀለሙን ጥቅምት ላይ ይቀባት" አለች። ይህንን ስተረጉምለት ሳቀ፣ እሺም እምቢም ሳይል ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለእሷ ሰጣት።